ያረጀ መርሰዲስ ሲያስቸግር ፍለጋውን ከየት እንጀምር?

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ በመካኒክነትና በሹፌርነት ሥራ የቆየን አባሎች ያቀረብነው ንግግር)

በዛሬው ጉባኤ ላይ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ ለዕድር ስብሰባ እንግዳ የሚመስለው ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። «ዕድር የሚያወራው ስለ ድንኳን፣ ስለ ወንበርና ስለ ወር መዋጮ ነው፤ ካንዴላና ቦቢና ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን አስቀድመን እንስጥ።

በሰፈራችን በየደጁ ቆመው የምናያቸው አሮጌ የጀርመን መኪናዎች፣ ይልቁንም መርሰዲሶቹ፣ ለብዙ ቤተሰብ ከመኖሪያ ቤት ቀጥሎ ያሉ ትልቅ ንብረቶች ናቸው። ሌሊት ጡሩምባ ሲነፋ ሐዘንተኛውን የሚያደርሱ፣ ከሩቅ አገር የመጣውን ዘመድ ከአውቶቡስ ተራ የሚያመጡ፣ በቀብር ቀንም አረጋውያንን ጭነው ከአስከሬኑ ኋላ በእርምጃ የሚሄዱ እነዚሁ ናቸው። ታዲያ መኪናዋ መንገድ ላይ ቀጥ ያለች እንደሆነ ችግሩ የባለቤቱ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ሁለተኛው ምክንያት የገንዘብ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ተወስኗል። እንግዲህ «ይቺን ሸጬ ሌላ እገዛለሁ» ማለት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። ያለችውን አክሞ መያዝ ያስፈልጋል፤ ለማከም ደግሞ በሽታውን ማወቅ ይቀድማል።

ዛሬ ልናስረዳ የተነሣነው ነገር በአጭሩ ይህ ነው። አሮጌ መኪና ስታስቸግር የሰውን ኪስ በብዛት የሚያራቁተው ሳይለኩ በግምት ዕቃ መለዋወጥ ነው። ስለዚህ ፍለጋው ተራ ይኑረው፤ ምንም ከማያስከፍለው ይጀምር፣ ብዙ በሚያስከፍለው ይጨርስ፤ በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ይነካ።

መኪናዎቹ ምን ዓይነት ናቸው?

በብዛት የምናገኛቸው ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ፋብሪካው ደብልዩ 123 የሚለው ነው። ይህ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ ተሠርቶ፣ ቁጥሩ ወደ 2.7 ሚሊዮን ደርሷል። ሁለተኛው በ1982 የወጣው ትንሹ 190 ነው። ሦስተኛው በ1984 መጨረሻ የወጣውና እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ የቆየው ደብልዩ 124 ነው፤ 200፣ 230ኢ፣ 300ኢ እየተባለ የሚጠራው ማለት ነው።

የእነዚህን መኪናዎች ዕድሜ ለመገመት አንድ ምሳሌ ይበቃል። ግሪጎሪዮስ ሳቺኒዲስ የተባለ ግሪካዊ የታክሲ ሹፌር በ1976 የተሠራ 240ዲ መርሰዲሱን፣ ሞተሮቿን እያፈራረቀ፣ 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነድቶ በ2004 ለፋብሪካው ሙዚየም አስረክቧል። ስለዚህ «ኪሎ ሜትሯ በዝቷል» ብቻውን የሞት ፍርድ አይደለም።

በ1980ዎቹ በተሠሩት የቤንዚን መርሰዲሶች ላይ በብዛት ያለው፣ ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሠራው ኬኢ ጄትሮኒክ የሚባል የቤንዚን ማደያ ነው። ወላጁ ኬ ጄትሮኒክ በ1973 የወጣ ነው። አሠራሩን ማወቅ ለፍለጋው ስለሚጠቅም ጥቂት እንበል። ሞተሩ ወደ ውስጥ የሚስበው አየር በመንገዱ ላይ ያለችን አንዲት ክብ ሳህን ይገፋል። ሳህኗ በተገፋች መጠን ማደያው ተከፍቶ ለየሲሊንደሩ ቤንዚን ይለቃል። አየር በዛ፣ ቤንዚን በዛ፤ አየር አነሰ፣ ቤንዚን አነሰ። ኤሌክትሮኒኩ ከዚህ በላይ የተጨመረ አራሚ ነው። ስለሆነም ኤሌክትሮኒኩ ቢሞት እንኳ መኪናዋ አትቆምም፤ ታማ ትሄዳለች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ከተንቀሳቀሰችማ ኤሌክትሪኩ ደኅና ነው» ብሎ ሞተሩን ይወቅሳል።

«በኮምፒውተር ትነበብልኝ» የሚልም አለ። ዛሬ በየጋራዡ የሚሰኩት ማንበቢያ የተሠራው ኦ.ቢ.ዲ. ለሚባለው መሰኪያ ነው። ይህ መሰኪያ በአሜሪካ በ1996፣ በአውሮፓ የቤንዚን መኪናዎች ላይ በ2001 ግዴታ ሆነ። የ1988 መርሰዲስ የላትም። የእርሷ ኮምፒውተር ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫና አንድ ትንሽ የኤሌትሪክ መለኪያ ነው።

ይህ ዓይነቱ ምርመራ ከመኪና ጋር አብሮ የተወለደ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። የመኪና ፈልሳፊው የካርል ቤንዝ ባለቤት ወይዘሮ በርታ ቤንዝ በነሐሴ 1888 ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ይዘው፣ ለባላቸው ሳይናገሩ፣ ከማንሃይም ተነሥተው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ፎርትስሃይም በመኪና ሄዱ። በመንገድ ላይ የነዳጁ ቱቦ ተደፈነ፤ በባርኔጣ መርፌያቸው ጠረጉት። የኤሌትሪኩ ሽቦ ተላጠ፤ በካልሲ ማሰሪያቸው ሸፈኑት። ፍሬኑ ሳሳ፤ ጫማ ሠሪ ቆዳ እንዲመታበት አደረጉ። ነዳጅ ሲያልቅም ከመድኃኒት ቤት ገዙ። ልብ በሉ፤ ጋራዥ የለም፣ መለዋወጫ የለም። የተፈለገው የቱ እንደጎደለ ለይቶ ማወቅ ብቻ ነበር።

አንድ ሰፈር ያወቀው ጉዳይ

ተራውን በምሳሌ እናስረዳ። አንድ አባላችን ሲያርፉ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው የተዉት ንብረት በ1988 የተሠራ 230ኢ መርሰዲስ ነበር። መኪናዋ ስትነሣ ትንቀጠቀጣለች፤ ሚኒሞዋ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የትራፊክ መብራት ላይ ስትቆም ትጠፋለች፤ ቤንዚን ደግሞ ለጉድ ነው የምትጠጣው። አንድ ጋራዥ ኮምፕረሽኗን ለክቶ «ሞተሩ አልቋል፣ ቴስታታው ይውረድ፣ ፋሻ ይቀየር» አለ። ሌላው ቤንዚን ማደያው በሙሉ ይለወጥ አለ። ደላላውም ይህን ሰምቶ ከቁራጭ ብረት ብዙም የማይሻል ዋጋ አቀረበ። ወይዘሮዋ ለመሸጥ ተቃርበው ነበር። ከዕድሩ አባሎች ጥቂት ሆነን «እስኪ አንድ ሦስት ቅዳሜ ይስጡን» አልናቸው።

አንደኛ፤ መጠየቅ

ሐኪም መጀመሪያ «ምን ያምሃል? ከመቼ ጀምሮ?» ይላል። መኪናም እንዲሁ ናት። ቁልፍ ከመያዛችን በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ እንያዝ። የምታስቸግረው ጧት ቀዝቅዛ ሳለች ነው ወይስ ከሞቀች በኋላ? ቆማ ነው ወይስ ዳገት ላይ? በድንገት ጀመረ ወይስ ቀስ እያለ? ከዚያ በፊት ማን ምን ነካት? ዝናብ ሲዘንብ ይብሳል ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች አንድ ሳንቲም አያስወጡም፤ ግማሹን መንገድ ግን ያስኬዳሉ። ለምሳሌ በዝናብ ጊዜ ብቻ የምትንቀጠቀጥ መኪና ስለ እሳት ነው የምትነግረን። ቀዝቅዛ ሳለች ባንድ ጊዜ የምትነሣ፣ ሞቃ ሩብ ሰዓት ከቆመች በኋላ ግን እምቢ የምትል ደግሞ ስለ ቤንዚን ግፊት ነው የምትነግረን።

ከላይ ባነሣናት መኪና ጉዳይ ልጆቹ ሁለት ነገር አስታወሱ። መንቀጥቀጡ የጀመረው የኤ.ቢ.ኤስ. የፍሬን መብራት ዳሽቦርዱ ላይ በርቶ በቀረበት ሰሞን ነው። ቤንዚን መፍጀቷ ግን የጀመረው ቆየት ብሎ፣ አንድ ጋራዥ ሚኒሞዋን ካስተካከለ ወዲህ ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች ያዙልን፤ እንመለስባቸዋለን።

ሁለተኛ፤ ማየትና ማሽተት

ከማርሚታ የሚወጣ ጥቁር ጭስ የቤንዚን ብዛት ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል። ከሞቀች በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ፣ በተለይ ጣፋጭ ሽታ ካለው፣ የራዲያተር ውኃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ይሆናል። የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ አረፋ ቢታይም እንዲሁ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ያጠራጥራል። ይህን ሁሉ ለማየት አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ሦስተኛ፤ ኤሌትሪክ

ባትሪው ሞተሩ ሳይነሣ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ማሳየት አለበት። ከባትሪው ወደ ሻንሲው የሚሄደው የመሬት ሽቦ ይፈታ፣ ይጽዳ፣ ይታሰር። በእነዚህ መኪናዎች ላይ ያለው ጫፉ ሹል የሆነ አሮጌ ዓይነት ፊውዝ ሳይቃጠል ጫፉ እየዛገ ኤሌትሪክ ይከለክላል። በጣት አሽከርክሮ ማጽዳት ወይም መለወጥ ነው፤ ዋጋው ከአንድ ስኒ ቡና እምብዛም አይበልጥም።

በደብልዩ 124 እና በ190 ላይ ደግሞ አንዲት የታወቀች ሪሌ አለች። ሥራዋ ኮምፒውተሩን ከከፍተኛ ቮልት መጠበቅ ነው። በደብልዩ 124 ከባትሪው ኋላ ትገኛለች፤ አናቷ ላይ ቀይ ፊውዝ ተሰክቶባታል። ይቺ ሪሌ ኤሌትሪክ የምታድለው ለቤንዚን ማደያው ኮምፒውተርና ለኤ.ቢ.ኤስ. ፍሬን ባንድነት ነው። በዕድሜ ብዛት ውስጧ ያለው ብየዳ ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ የኤ.ቢ.ኤስ. መብራት ይበራል፣ ሚኒሞው ይዋዥቃል፣ ጧት መነሣት ያቅታታል። አሁን የልጆቹን ቃል አስታውሱ። ሪሌዋን ከፍተን በብርሃን ስናያት ብየዳዋ ዙሪያውን ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ነበረው። አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ በካውያው አጣበቀው። መብራቱ ጠፋ፣ አነሣሷም ተሻሻለ። ሙሉ በሙሉ ግን አልዳነችም። ስለዚህ ወደሚቀጥለው ሄድን።

ኤሌትሪክ ላይ ሳለን፣ የሞተሩን ሙቀት ለኮምፒውተሩ የሚነግረውን መለኪያ እንጥቀስ። ይህ ዕቃ ሲበላሽ የሞቀውን ሞተር «ቀዝቃዛ ነው» እያለ ስለሚዋሽ ቤንዚን ያለልክ ይፈሳል። በቴስተር ሲለካ በ20 ዲግሪ ሙቀት 2,500 ኦም ገደማ፣ በ80 ዲግሪ 300 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት። ከዚህ በጣም ከራቀ ይለወጣል፤ ካልራቀ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ከ1992 ወዲህ እስከ 1995 የተሠራ መርሰዲስ ያላችሁ ደግሞ የሞተሩን ሽቦዎች ሽፋን በጣት ዳስሱ። በእነዚያ ዓመታት በብዙዎቹ ሞተሮች ላይ የገባው የሽቦ ልባስ በሙቀት እየደረቀ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል፤ ሽቦ ከሽቦ ሲነካካም ስሙ የማይታወቅ በሽታ ይፈጥራል።

አራተኛ፤ የተሰረቀ አየር

ቅድም እንዳልነው ቤንዚኑ የሚታደለው ክብ ሳህኗ በለካችው አየር ልክ ነው። ከሳህኗ በኋላ በቀዳዳ የሚገባ አየር ግን አይለካም፤ ቤንዚንም አይታደልለትም። ሞተሩ ይራባል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይጠፋል። አየር የሚሰርቁት ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ በሳህኗና በአየሩ በር መካከል ያለው ትልቁ ጎማ፣ የኢንጀክተሮቹ ቀለበት ጎማዎች፣ ወደ ፍሬን ሰርቮ የሚሄደው ቱቦ፣ የሚኒሞው አየር ቱቦና የሞተሩ መተንፈሻ ናቸው።

ምርመራው ነጻ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱት። ጤነኛ ሞተር ወዲያው ይደናገጣል፤ ሊጠፋም ይደርሳል። ምንም ካልመሰለው ሌላ ቀዳዳ አስቀድሞ አለ ማለት ነው። ቀዳዳውን ለማግኘት ፀጉር ቤቶች የሚጠቀሙበትን ውኃ መርጫ ያዙና በየመጋጠሚያው ትንሽ ትንሽ ርጩ። ውኃው ቀዳዳውን ለቅጽበት ሲደፍነው የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። የእሳት ሽቦዎቹን ግን አታርጥቡ። አንዳንዶች ለዚህ ቤንዚን ይረጫሉ፤ ኧረ ተው! ከሚፈላ ሞተር ላይ ቤንዚን መርጨት ዕድሩን ለሌላ ሥራ መጥራት ነው።

በመኪናዋ ላይ ያገኘነው ትልቁ ጎማ ከታች በኩል፣ ለዓይን በማይታይበት ቦታ፣ ተሰንጥቆ ነው። የቤንዚን መፍጀቱም ምሥጢር እዚህ ተገለጸ። ቀዳዳውን ያላየ መካኒክ የሞተሩን ረኀብ ለማስታገስ ሲል የቤንዚኑን ማስተካከያ ብሎን አዙሮ ጨምሮላት ነበር። በሽታው ሳይድን ሕመሙ ተሸፈነ፤ ቤተሰቡም በየወሩ ትርፍ ቤንዚን ሲከፍል ኖረ። ጎማው ከተለወጠ በኋላ ብሎኑ ወደ ልኩ ተመለሰ። ከዚህ የምንማረው፣ ቀዳዳ ሳይፈለግ ማስተካከያ ብሎን እንዳይነካ ነው። የተነካ እንደሆነም ስንት ዙር እንደተነካ ይጻፍ።

አምስተኛ፤ እሳት

ካንዴላዎቹን አውጡና በተራቸው ደርድሯቸው። ቀለማቸው ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው። ጥቀርሻ የለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ዘይት የነካው የፋሻ ወይም የባልቦላ ነገር ያጠራጥራል። የጫፋቸው ክፍተት በአብዛኛዎቹ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። እሳት ለየካንዴላው የሚያድለውን የስፒንትሮጂኖ ክዳን ከፍታችሁ ስንጥቅና እርጥበት ፈልጉ። ማታ በጨለማ ሞተሩን አስነሥታችሁ ብታዩ፣ የሚያፈስ ሽቦ ሰማያዊ ብልጭታ ያሳያል። ከሞተሩ ወደ እሳት መቆጣጠሪያው ሣጥን የምትሄደውን ቀጭን የላስቲክ ቱቦም እዩ፤ እርሷ ከወለቀች መኪናዋ ዳገት አትወጣም።

ከአራቱ ሲሊንደሮች የማይሠራውን ለማወቅ ሞተሩ እየዞረ የካንዴላ ሽቦ የሚነቅሉ አሉ። የእነዚህ መኪናዎች እሳት ኃይለኛ ስለሆነ ሰውንም፣ የእሳት መቆጣጠሪያውንም ይጎዳል። የተሻለው ይህ ነው፤ ሞተሩን ከቅዝቃዜ አስነሡና አንድ ደቂቃ ቆይታችሁ በየጭስ ማውጫው ክንድ ላይ አንዳንድ ጠብታ ውኃ ጣል አድርጉ። «ጪስ» የማይለው እርሱ ነው ሰነፉ። የኛዋ ሦስተኛዋ ሲሊንደር ሰነፍ ሆና ተገኘች፤ ካንዴላዋ በጥቀርሻ ታፍኖ ነበር። አራቱም ካንዴላ ተለወጠ።

ስድስተኛ፤ ቤንዚን

ፊልትሮው መቼ እንደተለወጠ የሚያስታውስ ከሌለ ይለወጥ። የቤንዚን ፓምፑ ሲጮኽ ወይም ዳገት ላይ መኪናዋ ስትዝል፣ ፓምፑን ከመግዛት በፊት ወደ እርሱ የሚደርሰውን ቮልት መለካት ነው። የኬኢ ጄትሮኒክ ግፊት ከ5 ባር በላይ ስለሆነ ቱቦውን ዝም ብሎ መፍታት አደገኛ ነው፤ በግፊት መለኪያ፣ በሚያውቅ ሰው እጅ ይሠራ። ሞቃ ቆማ እምቢ የምትል መኪና ግን ግፊቱን ሳትይዝ ቀርታ ይሆናልና፣ ከጠፋች በኋላ መለኪያው ባንድ ጊዜ ወደ ታች ይወርድ እንደሆነ እዩ።

ሰባተኛ፤ ኮምፕረሽንና የአዲስ አበባ አየር

ኮምፕረሽን በመጨረሻ የመጣው ያለምክንያት አይደለም፤ የፍርዱ ዋጋ ከሁሉ ይበልጣልና። እዚህ ላይ በከተማችን ብዙ ሞተር ያላግባብ እንዲፈታ ያደረገ ነገር አለ። የፋብሪካው መጽሐፍ የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ሲሊንደሩ የሚጨምቀው አየር በሩብ ካነሰ መለኪያውም በሩብ ያንሳል። መጽሐፉ 12 ባር ያለው እዚህ 9 ገደማ ቢያሳይ ሞተሩ አርጅቶ ላይሆን ይችላል፤ ተራራው ነው።

ያ ጋራዥ ያነበበው ቁጥር እውነት ነበር፤ የተረጎመው ግን ለሌላ አገር ነው። እኛም ስንለካው አራቱም ሲሊንደሮች ከ8.6 እስከ 8.9 ባር አሳዩ። ዋናው ነገር በመካከላቸው ያለው ልዩነት ነው። አንዱ ከሌሎቹ ጎልቶ ካነሰ ያን ጊዜ ባልቦላ፣ ፋሻ ወይም ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል። አራቱ ከተቀራረቡና ሰማያዊ ጭስ ከሌለ ቴስታታውን ማን አውርድ አለህ?

የከፍታው ነገር ውኃንም ይመለከታል። በከተማችን ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የደብልዩ 124 ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው በ87 ዲግሪ ነው። በመካከሉ ያለው አምስት ዲግሪ ብቻ ነው። ውኃው እንዳይፈላ የሚይዘው የማጠራቀሚያው ክዳን የሚፈጥረው ግፊት ነውና፣ ክዳኑ የላላ እንደሆነ በቀብር ሰልፍ ላይ በእርምጃ የምትሄድ መኪና ፈላች ማለት ነው። ሞተር ከመፍታት በፊት ክዳኑን ለውጡ።

ናፍጣ ላላችሁ

የናፍጣ መርሰዲስ ካንዴላና ቦቢና ስለሌላት ፍለጋው ያጥራል። ፊልትሮ፣ ወደ ቱቦ የገባ አየር፣ ጧት ሞተሩን የሚያሞቁት ካንዴሌታዎች፣ ከዚያም የባልቦላ ልክ ናቸው። የደብልዩ 123 ናፍጣ ሞተሮች ባልቦላቸው በየጊዜው መስተካከል አለበት። ይህ ተዘንግቶ ባልቦላው ሲጠብቅ መኪናዋ ጧት እምቢ ትላለች፤ «ኮምፕረሽን አልቋል» ተብላ ትፈረዳለች። መድኃኒቱ ግን ቁልፍ፣ የክፍተት መለኪያ ቅጠልና ግማሽ ቀን ነው።

አንድ የሚያስቅ ነገርም እንጨምር። በዚህችው መኪና ሞተሩን የሚያጠፋውም፣ በሮቹን ባንድነት የሚቆልፈውም አየር የመሳብ ኃይል ነው። ስለዚህ ቁልፉን አዙራችሁ ሞተሩ አልጠፋ ካለ፣ ጥፋቱ በአንዱ በር ውስጥ የተቀደደ ላስቲክ ሊሆን ይችላል። ላስቲኩ እስኪገኝ ድረስ ሞተሩ ላይ «ስቶፕ» የሚል ማንሻ አለላችሁ፤ እርሱን በእጅ መጫን ነው።

ጥንቃቄ

በዝግ ጋራዥ ሞተር አታስነሡ፤ ጭሱ ሳይታወቅ ይገድላል። ክሪክ ላይ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አትግቡ፤ ጠንካራ መደገፊያ ይኑር። ቤንዚን በተፈታበት ቦታ ሲጋራ አይጨስ። ትኩስ ራዲያተር አይከፈት። ይህን የምንለው ለወጉ አይደለም፤ የዕድራችን መዝገብ የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ነው።

ማጠቃለያና ሐሳብ

የወይዘሮዋ መኪና ዛሬ በሰላም ትሄዳለች። የወጣው ወጪ አንድ ጎማ፣ አራት ካንዴላ፣ አንድ ፊልትሮና የሬዲዮ ጠጋኙ እጅ ዋጋ ብቻ ነው። መሸጥና አለመሸጥ የቤተሰቡ ፈንታ ነው፤ ቢሸጡም እንኳ እንደ ቁራጭ ብረት ሳይሆን እንደ መኪና ይሸጣሉ። ለአባት አልባ ልጆች ይህ ልዩነት የትምህርት ቤት ክፍያ ነው።

ሁሉም ሞተር ግን በካንዴላ ይድናል አላልንም። ያለቀ ሞተር አለ፤ መውረድ ያለበት ቴስታታ አለ። ልዩነቱ ያ ፍርድ ሲሰጥ ከበስተኋላው ስድስት በተራ የተፈተሹ ነገሮች ይኑሩ ነው። ጋራዥ ስትሄዱም የተጻፈውን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። «ይኼን አይተናል፣ ይኼ ደኅና ነው፣ ይኼኛው እንዲህ አሳይቷል» በሉ። ደኅና መካኒክ በዚህ ይደሰታል እንጂ አይቀየምም፤ ድካሙን ታቀሉለታላችሁና።

በመጨረሻም ለጉባኤው አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ለምርመራው የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች አራት ናቸው፤ የኤሌትሪክ ቴስተር፣ የኮምፕረሽን መለኪያ፣ የቤንዚን ግፊት መለኪያና የክፍተት መለኪያ ቅጠል። አንድ ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚነካው ነገር ብቻውን ገዝቶ መያዙ አያዋጣም። ነገር ግን ዕድራችን ድስቱን፣ ወንበሩንና ድንኳኑን ገዝቶ በመዝገብ እያስፈረመ እንደሚያውሰው ሁሉ፣ ይህችን አንዲት ሣጥን ገዝቶ በንብረት ክፍሉ ቢያስቀምጥ ለሁሉም ይበቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባል የለ? ሣጥኑ ከተገዛ በመጀመሪያው ዓመት በየወሩ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ወጣቶቻችንን በነጻ ለማሳየት ፈቃደኞች መሆናችንን ከወዲሁ እንገልጻለን። ከወጣቶቹ መካከል እንጀራው የሚሆንለት ልጅ ቢወጣ ደግሞ ትርፉ የዕድራችን ነው።

ሐሳቡ ለውይይት ቀርቦ ድምፅ እንዲሰጥበት የዕድራችንን ዳኛ በአክብሮት እንጠይቃለን። ዓመቱን ፈጣሪ የጤናና የሰላም ያድርግልን፤ በደስታ እንጂ በሐዘን አያገናኘን።